ቋንቋቸውን ከእናታቸው ያልወረሱ ልጆች፦ የምልክት ቋንቋ ቴአትር ታሪክ

በታሪክ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ባቡር ሐዲድ ነው። ዛሬ ግን ስለ ቴአትር እናወራለን፤ ያውም ያለ ድምፅ ስለሚሠራ ቴአትር። ጉዳዩ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከመድረክ ወርደው ከቆዩበት ዘመን ተነስተው በራሳቸው ቋንቋ የራሳቸውን ሕይወት እስኪያሳዩ ድረስ የተጓዙት መንገድ ነው። በመካከላቸውም ሁለት ጊዜ የተደበቁ አሉ፤ መስማትም የተሳናቸው፣ የሚያፈቅሩትም የራሳቸውን ጾታ የሆነ ሰዎች። የእነሱንም ታሪክ አብረን እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ የምንኖርበት የጅቡቲ ወደብ የቋንቋ ከተማ ነው። ገበያ የወጣ ሰው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ ጥግ ይሰማል። አዲስ የመጣ ስደተኛ አንዱንም ካላወቀ በምን ይገበያያል? በእጁ ነዋ! ጣቱን ቆጥሮ ዋጋ ይጠይቃል፣ እጁን አወዛውዞ አይሆንም ይላል። ይሄንን ሁላችንም አድርገነዋል። ታዲያ ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋ ማለት ይሄው ይመስለዋል። አይደለም። ገበያ ላይ የምናደርገው ጥቅሻ ነው፤ የምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ ቀልድ፣ የራሱ ቅኔ ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። አንድም ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋ የለም፤ የኢትዮጵያው ሌላ፣ የፈረንሳዩ ሌላ፣ የአሜሪካው ሌላ ነው።

ስለ ስም ጥቂት

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት እናንሳ። በአማርኛ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይላል፤ የማይሰማ፣ ደግሞም የማያውቅ። ስለዚህ ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ በስሙ ብቻ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ዛሬ «መስማት የተሳነው» የምንለው ለዚሁ ነው። የራሳቸውን ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። በእኛ ቋንቋ የሚጠሩበት የተለመደ ቃል ከሰውየው በፊት ፍርዱን ይዞ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ብለን እንጽፋለን። አንባቢ የየራሱ እምነት ይኖረዋል፤ ታሪኩን ለመማር ግን ሰውን በስድብ መጥራት አያስፈልግም።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ምን ያገናኛቸዋል? አንድ ትልቅ ነገር አለ። መስማት ከተሳናቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ሌላ ልጅ ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባል፤ እነሱ ግን እናታቸው ራሷ የማታውቀውን ቋንቋ ነው የሚፈልጉት። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ልጅም ብዙውን ጊዜ የሚያድገው እሱን የሚመስል ሰው በሌለበት ቤት ነው። ሁለቱም መሰላቸውን የሚያገኙት ከቤት ውጭ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በክበብ፣ በመድረክ። ቴአትር ለነዚህ ሰዎች መዝናኛ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ሌላው ሰው በቤቱ የሚወርሰውን እነሱ በመድረክ ላይ ይወርሱታል።

ሌላ ሰው ሲጫወትላቸው

ታሪኩ ፓሪስ ላይ ይጀምራል። በ1760 ገደማ አቤ ደ ሌፔ የሚባል ካህን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ትልቁ ሥራው ልጆቹ እርስ በርስ የሚግባቡበትን ምልክት አይቶ «ይሄ ቋንቋ ነው፣ በዚሁ ይማሩ» ማለቱ ነው። የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ ሳይል በነጻ ያስተምር ነበር።

ካህኑ በ1789 ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1799፣ ቡዪ የሚባል ጸሐፊ በስሙ ቴአትር ጽፎ ፓሪስ ላይ አሳየ። ታሪኩ በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። በ1773 መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘ መስማት የተሳነው ልጅ ነበር። ካህኑ ልጁ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ወራሽ እንደሆነ አምኖ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተለት። በቴአትሩ ልጁ ርስቱን አገኘ፣ ተመልካቹም አለቀሰ። በእውነተኛው ሕይወት ግን ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ለልጁ ከፈረደ በኋላ፣ ካህኑ ከሞተ ወዲያ በ1792 ፍርዱን ገልብጦታል።

ቴአትሩ በጣም ተወደደ፣ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ነገር ግን መስማት የተሳነውን ልጅ ሆና የተጫወተችው የምትሰማ ሴት ተዋናይ ነበረች። ሰዉ ያለቀሰለት ልጅ መድረኩ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። መስማት የተሳነው ሰው በቴአትር ውስጥ ወይ የሚታዘንለት ነው፣ ወይ የሚሳቅበት፤ ተዋናዩ ግን ሌላ ሰው ነው።

እጅ የታሰረበት ዘመን

በ1880 የመምህራን ጉባኤ ጣልያን አገር ሚላኖ ላይ ተካሄደ። አጀንዳው መስማት የተሳናቸው ልጆች በምን ይማሩ የሚል ነበር። የተሰበሰቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ድምፅ ተሰጠና በንግግር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ይቅር ተብሎ ተወሰነ።

ውሳኔው በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ልጆች በክፍል ውስጥ በእጃቸው ሲያወሩ ከተገኙ ይቀጡ ነበር፤ እጃቸው የታሰረባቸውም አሉ። ቀኑን ሙሉ የማይሰሙትን ድምፅ ከከንፈር እያዩ ለማውጣት ይታገላሉ። ታሪክ ወይም ሒሳብ የሚማሩበት ሰዓት በዚሁ ያልቃል። መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራ ወጡ፤ ንግግር ማስተማር አይችሉማ።

ታዲያ ቋንቋው ለምን አልጠፋም? በመኝታ ክፍል፣ በመጸዳጃ ቤት፣ መምህር በማያይበት ቦታ ሁሉ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ አስተማሩት። ካደጉ በኋላም በየከተማው ክበብ አቋቋሙ። በነዚያ ክበቦች ቅዳሜ ማታ ተረት ይነገራል፣ ቀልድ ይቀለዳል፣ አጫጭር ድራማ ይሠራል። የምልክት ቋንቋ ቴአትር የተወለደው እዚያ ነው። ተመልካቹም ተዋናዩም መስማት የተሳነው ነበር፤ ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም።

እዚህ ላይ ስለ ቅኔው አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ ግጥም ቤት ይመታል፤ የስንኙ መጨረሻ በድምፅ ይመሳሰላል። በምልክት ቋንቋም ቤት መምታት አለ፤ ግን የሚመሳሰለው የእጅ ቅርጽ ነው። ገጣሚው አንድ ዓይነት የእጅ ቅርጽ ከምልክት ወደ ምልክት እየደጋገመ ይሄዳል፣ ዓይን ያንን ይከተላል። አንዱ ምልክት በጥቂት የእንቅስቃሴ ለውጥ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ደግሞ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

መጋረጃው ሲከፈት

በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ መምህር አሜሪካ ውስጥ ጋሎዴት ኮሌጅ ሲያስተምር አንድ ጥናት አሳተመ። የምልክት ቋንቋም እንደማንኛውም ቋንቋ በሥርዓት የሚጣመሩ ክፍሎች እንዳሉት አሳየ። መጀመሪያ ብዙዎች ሳቁበት፤ መስማት የተሳናቸውም ሳይቀሩ። ቋንቋችን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው ተብለው ስላደጉ እነሱም አምነውት ነበር። ቆይቶ ግን ጥናቱ የሁሉንም አስተሳሰብ ለወጠ።

በ1967 ዴቪድ ሄይስ የተባለ የመድረክ ንድፍ ባለሙያ ከበርናርድ ብራግና ከሌሎች መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ጋር ሆኖ ብሔራዊ የመስማት የተሳናቸው ቴአትር የሚባለውን ቡድን አሜሪካ ውስጥ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ቡድኑ በቴሌቪዥን ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ መጣ። ተቃዋሚው የስልክ ፈልሳፊ ተብሎ በሚታወቀው በአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ስም የሚጠራውና ልጆች በንግግር እንዲማሩ የሚታገለው ማኅበር ነበር። የምልክት ቋንቋ በአደባባይ መታየቱ ሥራችንን ያበላሽብናል አለ። ፕሮግራሙ ግን ተላለፈ። ለብዙ የገጠር ልጆች በቴሌቪዥን የራሳቸውን ቋንቋ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሆነ።

ቡድኑ መጀመሪያ የታወቁ ድርሰቶችን ነበር የሚተረጉመው። በ1971 ግን «ሦስተኛው ዓይኔ» የተባለውን ሥራ አቀረበ። ይሄኛውን ተዋንያኑ ከራሳቸው ሕይወት አውጥተው የሠሩት ነው፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ቀን፣ ከወላጅ መለየትን፣ የሚሰሙ ሰዎች በእነሱ ዓይን ምን እንደሚመስሉ። ከ1799 ጀምሮ የሚታዘንለት ልጅ በመጨረሻ ራሱ መናገር ጀመረ ማለት ነው።

ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት ዓመት

አሁን ወደ እኛ እንቅረብ። ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችው ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። በዚያው ዓመትና በተከታዩ በኦጋዴን ጦርነት ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ወደዚህ መግባት ጀመሩ። የእኛ የስደት ታሪክ በጅቡቲ ከዚያ ይቆጠራል።

በነዚያው ዓመታት በፓሪስ ዳርቻ፣ ቫንሴን በሚባለው አሮጌ ቤተ መንግሥት ግንብ ውስጥ፣ ሌላ ነገር እየተጀመረ ነበር። አልፍሬዶ ኮራዶ የሚባል መስማት የተሳነው አሜሪካዊ አርቲስትና ዣን ግሬሚዮን የሚባል የሚሰማ ፈረንሳዊ ዳይሬክተር በ1976 ዓለም አቀፍ የእይታ ቴአትር የሚባለውን ማዕከል መሠረቱ። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የሚላኖ ውሳኔ ጥላ ገና አልተነሳም ነበር። ግንቡ ውስጥ ግን መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ቴአትር ይለማመዳሉ፣ ወላጆች ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው የምልክት ቋንቋ ይማራሉ። ቴአትር ቤቱ በአንድ ጊዜ ትምህርት ቤትም ሆነ።

ወደዚያ ከተወሰዱ ልጆች አንዷ የሰባት ዓመቷ ኤማኑኤል ላቦሪ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው አይታ አታውቅም። እነሱን የሚመስል አዋቂ ያላዩ ልጆች ብዙ ጊዜ «ትልቅ ስሆን እሰማለሁ» ወይም «ሳላድግ እሞታለሁ» ብለው ያስባሉ። ላቦሪ አደገች፣ ተዋናይ ሆነች፣ በ1993 የፈረንሳይን ትልቁን የቴአትር ሽልማት ሞልየርን ተሸለመች። ያሸለማት ሥራ «የታናሽ አምላክ ልጆች» የተባለው የአሜሪካ ቴአትር ነው። ይሄው ቴአትር በ1980 ኒውዮርክ ላይ ሲታይ ፊሊስ ፍሬሊክን የቶኒ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ መስማት የተሳናት ተዋናይ አድርጓት ነበር። ላቦሪ በኋላ ያንኑ የቫንሴን ማዕከል መርታለች። የፈረንሳይ የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ተብሎ በሕግ የታወቀው ግን በ2005 ነው፤ ከሚላኖ 125 ዓመት በኋላ።

ሁለት ጊዜ የተደበቁ

1977 ሌላም ነገር የታየበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ለምን ለብቻ? ምክንያቱ ቀላል ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፣ ወሬ ቶሎ ይዞራል። እዚያ ከተገለሉ መሄጃ የለም። የሚሰሙ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ የሚግባባቸው አያገኙም። በሁለቱም ቤት እንግዳ ናቸው።

በ1978 «ኮብላዮች» የተባለ የሙዚቃ ቴአትር ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ታየ። ጸሐፊዋ ኤልሳቤት ስዋዶስ ከቤታቸው የጠፉ ልጆችን አነጋግራ ነው የሠራችው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ብሩስ ህሊቦክ የተባለ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር። የተሰጠውን ሚና በምልክት ቋንቋ ተጫወተ፣ ሌላ ተዋናይ በድምፅ ተረጎመችለት። ህሊቦክ ኋላ ራሱ ጸሐፌ ተውኔት ሆነ፤ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑንም አልደበቀም። በ1995 በወጣትነቱ ሞተ። ታናሽ ወንድሙን ግሬግ ህሊቦክን ግን ታሪክ በሌላ ያውቀዋል። በ1988 የጋሎዴት ተማሪዎች «መስማት የተሳነው ፕሬዝዳንት አሁኑኑ» ብለው ግቢውን ሲዘጉ ከመሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ጋሎዴት ከተመሠረተ 124 ዓመት ሆኖት አንድም መስማት የተሳነው ፕሬዝዳንት አልነበረውም። ተማሪዎቹ በአንድ ሳምንት አሸነፉ።

ያ ዘመን የኤድስ ዘመንም ነው። ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ይነገራል፣ ምክር በስልክ ይሰጣል፤ መስማት ለተሳነው ሰው አንዱም አይደርሰውም። በሽታው ደግሞ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ክፉኛ ጎድቷል። ሁለቱንም የሆነ ሰው ወሬው ሳይደርሰው ሞቱ ደረሰው። በኢትዮጵያም በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ይሠራ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የሚታይ ነገር ከሚሰማ ነገር ይልቅ የሚደርስበት ቦታ እንዳለ ያኔ ነው የታወቀው።

ከሁለት ጊዜ ድብቅነት ከወጡት ጸሐፊዎች አንዱ ሬይመንድ ሉዛክ ነው። ያደገው ሚሺጋን ውስጥ በትንሽ ከተማ፣ ብዙ ልጆች ባሉበት የሚሰማ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ምልክት እንዳይጠቀም ተከልክሎ ስለነበር ቋንቋውን የተማረው ወደ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በ1993 መስማት የተሳናቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ስለራሳቸው የጻፉትን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። ተውኔቶቹም በ2009 ታትመዋል። በ2007 ደግሞ አዲቲ ብሬናን ካፒል የተባለች ጸሐፊ «የፍቅር ሰው» የተባለ ቴአትር አቀረበች። በውስጡ መስማት የተሳናት ሴትና የሴት ጓደኛዋ ፍቅር አለ። ቴአትሩ በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋና በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ይሄዳል። ጥያቄው በሁለት ሰዎች መካከል ፍቅር ሲተረጎም ምን ይጎድላል የሚል ነው።

ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ በ2015 ብሮድዌይ ላይ የታየው ነው። «የጸደይ ንቃት» ይባላል። መነሻው ፍራንክ ቬዴኪንት የተባለ ጀርመናዊ በ1891 ያሳተመው ተውኔት ነው። ታሪኩ ስለ ታዳጊ ተማሪዎች ነው፤ ስለ ሰውነታቸው የሚጠይቁትን ጥያቄ ወላጅም መምህርም አይመልስላቸውም። ዴፍ ዌስት የተባለው፣ በ1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተመሠረተ ቴአትር ቤት፣ ይሄን ሥራ በምልክት ቋንቋ እንደገና ሠራው። ዳይሬክተሩ ማይክል አርደን ታሪኩን ከሚላኖ ውሳኔ ጋር አገናኘው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች በከፊል መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ መምህሩ ግን ተናገሩ እያለ ያስጨንቃቸዋል። ሞሪትዝ የሚባለውን ደካማ ተማሪ ዳንኤል ዱራንት የተባለ መስማት የተሳነው ተዋናይ ተጫወተው። ሞሪትዝ ፈተና ይወድቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያባርረዋል፣ አባቱ ፊቱን ያዞርበታል፣ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ከሌሎቹ ተማሪዎች ሁለቱ ወንዶች ይዋደዳሉ፤ አንደኛውን የተጫወተው ጆሹዋ ካስቲልም መስማት የተሳነው ነው። በዚያ ትዕይንት ላይ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ እጅ ላይ ተገናኙ፤ የተከለከለ ቋንቋና የተከለከለ ፍቅር።

እያንዳንዱ መስማት የተሳነው ተዋናይ ከጎኑ የሚናገርለትና የሚዘምርለት ተዋናይ ነበረው። ስለዚህ የሚሰማውም የማይሰማውም ተመልካች እኩል ይከታተላል። ይሄን ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና ብዙ ልምምድ ነው የሚያስፈልገው። እኛ ዘንድም ይቻላል።

በአፍሪካና በአገራችን

በአፍሪካ የዚህ ታሪክ ትልቁ ስም አንድሩ ፎስተር ነው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ መስማት የተሳነው፣ በ1954 ከጋሎዴት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። በ1957 ጋና ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እስከሞተበት እስከ 1987 ድረስ በ13 የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል። የሞተውም ሩዋንዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ነው።

በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ ሚስዮናውያን አዲስ አበባ ላይ የመካኒሳንና የአልፋን ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። በ1970ዎቹ መግቢያ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በ1981 የሆሳዕና ትምህርት ቤት ተከተለ። ከየአገሩ የመጡ ምልክቶች ልጆቹ ራሳቸው ከሚጠቀሙበት ጋር ተዋሕደው የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አደገ። በ2008 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ።

የእኛ የእጅ ፊደል በተለይ ሊደነቅ ይገባዋል። የላቲን የእጅ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ሰባት ቤት አለው። ታዲያ ምን አደረጉ? የእጁ ቅርጽ «በ» ወይም «ለ» መሆኑን ይናገራል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደውን ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይናገራል። ቀለሙ በቅርጽ፣ ቤቱ በእንቅስቃሴ። ሀ ሁ ሂ በአየር ላይ ይጻፋል ማለት ነው።

ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን በተመለከተ ግን የኢትዮጵያ ሕግ ግልጽ ነው። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ የሚታይ መድረክ በአገራችን እንዲኖር መጠበቅ አይቻልም። በአፍሪካ ሌላ መንገድ የወሰደችው ደቡብ አፍሪካ ናት። የ1996 ሕገ መንግሥቷ የምልክት ቋንቋ እንዲያድግ ያዛል፤ በዚያው ሰነድ ውስጥ በአካል ጉዳትም ሆነ በሚያፈቅሩት ጾታ ምክንያት ሰውን ማግለል ተከልክሏል። ሁለቱ መብቶች በአንድ ሕግ ተጻፉ። በ2005 ኬፕ ታውን ላይ የሚሰሙና መስማት የተሳናቸው ተዋንያን አብረው የሚሠሩበት ኤፍ ቲ ኤች ኬ የተባለ የቴአትር ቡድን ተመሠረተ። በ2023 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ የምልክት ቋንቋ የአገሪቱ አሥራ ሁለተኛ የሥራ ቋንቋ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

በዓሊ አዴም ሆነ በሆል ሆል መጠለያ የሚያስተምሩ መምህራን መስማት የተሳነው ልጅ ቢገጥማቸው ከወረቀቱ አንጻር ብቻቸውን አይደሉም። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2006 ወጣ፤ ኢትዮጵያ በ2010፣ ጅቡቲ በ2012 ተቀብለውታል። ስምምነቱ በትምህርት አንቀጹ የምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻች፣ በባህል አንቀጹም የመስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል እንዲታወቅ ይላል። በታኅሣሥ 2017 የኢጋድ አገሮች እዚሁ ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው የስደተኛ ልጆች ትምህርት ከብሔራዊ ሥርዓቱ ጋር እንዲዋሃድ ተስማምተዋል። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ የሚገባው ግን በመምህር እጅ ነው።

ስደትና ይህ ታሪክ ይመሳሰላሉ። ስደተኛ ልጅም ወላጆቹ የማያውቁትን ቋንቋ ውጭ ይማራል፤ ባህሉን የሚቀበለው ከቤት ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤትና ከክበብ ነው። ክበቡ የማይቀበለው ልጅ ከየት ይማራል?

ከታሪኩ ሦስት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ በድራማ ክበብ ውስጥ መስማት የተሳነው ተማሪ ካለ ሌላ ሰው እሱን መስሎ እንዲጫወት አናድርግ። በ1799 የተሠራውን ስሕተት መድገም ይሆናል። እሱ ራሱ ይጫወት፣ የሚሰማ ጓደኛው በድምፅ ይተርጉምለት። ሁለተኛ፣ ድራማ እንሥራ ብለን ማንንም ተማሪ ምሥጢሩን በአደባባይ እንዲናገር አናስገድድ። በመጠለያ ውስጥ የወጣ ወሬ ተመልሶ አይገባም፤ ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ሊነገር የሚከብድ ነገር በተረት ይነገራል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት የአውሬዎች ኮመዲያ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያም ሆኖ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ሦስተኛ፣ በማንነቱ ምክንያት የሚሰጋ ሰው ካለ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2012 ያወጣው መመሪያ በሚያፈቅሩት ጾታ ምክንያት የሚሳደዱ ሰዎች ጥበቃ ሊያገኙ እንደሚችሉ፣ ጉዳያቸውም በምሥጢር መያዝ እንዳለበት ይናገራል። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ምሥጢሩ በአስተርጓሚው እጅ ነው። የጎረቤት ልጅ ወይም ዘመድ ካስተረጎመለት ምሥጢር አይባልም። መምህር ይሄን ብቻ እንኳ ቢያውቅ አንድ ሰው ያድናል።

ለክፍል ውይይት

1. ከ1799ኙ ቴአትርና ከ1971ዱ «ሦስተኛው ዓይኔ» መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ስለ ስደተኞች የሚሠሩ ፊልሞችና ድራማዎች ከየትኛው ይመደባሉ?
2. በሚላኖ ጉባኤ ላይ መቀመጥ የነበረባቸው እነማን ነበሩ? በእናንተ ትምህርት ቤት ስለ ተማሪዎች ሲወሰን ማን ይጠየቃል?
3. በየቋንቋችሁ ሰውን ከማወቃችን በፊት የሚፈርዱ ስሞች የትኞቹ ናቸው? በምን እንተካቸው?
4. ስማችሁን በእጅ ፊደል መጻፍ የሚያውቅ ሰው በአካባቢያችሁ ካለ ጋብዙትና ክፍሉን ያስተምር። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አጭር ተረት ያለ ድምፅ ሠርታችሁ አሳዩ።